ከወፍ ጠባቂነት እስከ መጅ፦ በመገበሪያው ቤት የሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት

ባለፈው እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ጠበል እየጠጣ ሳለ ቄሰ ገበዙ አባ ተክሌ ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ስሜን ጠሩ። "ምንታምር! የት አለች ምንታምር?" አሉ። እኔ ያጠፋሁት ነገር ያለ መስሎኝ ከእናቴ ጀርባ ተሸሸግኩ። እናቴ በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት አወጣችኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ መገበሪያ ለሚያዘጋጁት ልጆች አስተማሪያቸው እሷ ናት። የመረጧት እማሆይ አስካለ ማርያም ራሳቸው ናቸው" አሉና ስለ አጥሩ እድሳት ወደሚናገረው ማስታወቂያ አለፉ።

ዜናው ይኸው ነው። ስለ አጥሩ የተባለውን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ቤት እስክደርስ ድረስ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ማታ እራት ላይ እናቴ "እንጀራውን ብይው እንጂ አትሳቂበት" አለችኝ።

ደስታዬን ለመረዳት መጀመሪያ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋችኋል። መገበሪያ የምንለው ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን የስንዴ ዱቄት ነው። ኅብስቱን ቤተልሔም በምትባለው ቤት ገብተው የሚጋግሩት ዲያቆናት ናቸው። ዱቄቱ እነሱ እጅ እስኪገባ ድረስ ግን ረጅም መንገድ አለው። ስንዴው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፣ ይነፋል። ይህን ሁሉ በእኛ ደብር የሚሠሩት ያረጁ መነኮሳይያትና ትናንሽ ልጃገረዶች ብቻ ናቸው። ልጅቷ ከፍ ስትል ሥራውን ለታናሿ ለቅቃ ትወጣለች፤ ደንቡ ነው። እኔ በሰባት ዓመቴ ገብቼ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ወጣሁ። ደብራችን ባለበት በጎረቤላ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ጡረታ የወጣች ሰው ፈልጉ ብትባሉ እኔን ታገኛላችሁ ማለት ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከጡረታ ተጠርቼ ነው አስተማሪ የሆንኩት።

ከደስታው ጋር አንድ ሥጋት አብሮ አለ፤ እሱንም አልደብቃችሁም። የእማሆይ ዓይን ደክሟል። እንክርዳዱን ከስንዴው የሚለዩት አሁን በጣታቸው ዳብሰው ነው። ከእሳቸው ጋር ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የአንዷ ቤተሰብ ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ገባና አንዲት ብቻ ቀረች። ሌሎች ልጆች ካልመጡ ደብራችን መገበሪያውን በየሳምንቱ ከወንዝ ማዶ ካለው ደብር እየተቀበለ ሊኖር ነው። አባ ተክሌ ይህን ሲነግሯቸው እማሆይ "ይሁን፣ እነሱም ክርስቲያኖች ናቸው" አሉ። ያን ቀን ግን ምሳ አልበሉም።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ሥራው ምን እንደሆነ፣ እኔንም ምን እንዳደረገኝ አውቃችሁ ልጆቻችሁን እንድትልኩልን ነው።

ሥራውን ልጀምር እናቴ እጄን ይዛ የወሰደችኝ ቀን ትዝ ይለኛል። የመገበሪያው ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ካለው ወይራ ሥር ያለች አንዲት ክብ ቤት ናት። እማሆይ በሯ ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም ናቸው፤ ቀሚሳቸው ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ ቢጫነቱ ጠፍቶ የገለባ መልክ ይዟል። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ጠየቁኝ።

"ፊትሽን ታጥበሻል?"

"አዎ።"

"መኝታሽን አንጥፈሻል?"

"እናቴ ታነጥፈዋለች።"

"እናትሽን እንዴት አደርሽ ብለሻታል?"

ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። እናቴም በኀፍረት መሬት መሬት ታያለች።

"ነገ ነይ" አሉኝና ገቡ።

እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ። በማግስቱ በጠዋት ተነሥቼ የምተኛበትን ቆዳ አራግፌ ብርድ ልብሱን አጠፍኩ፤ ከዚያ ምድጃው ጋ ሄጄ "እንዴት አደርሽ እማዬ?" አልኩ። እናቴ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" አለች። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት በየጠዋቱ ተጠይቄያለሁ። ሦስቱም ካልተመለሱ ስንዴውን መንካት የለም። አንድ ቀን ተናድጄ "እማሆይ፣ የእኔ መኝታ ከስንዴው ጋር ምን አገናኘው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "የምታገናኛቸው እጅሽ ናት" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም፤ ብቻ መኝታዬን ማንጠፉን ቀጠልኩ።

የመጀመሪያ ሹመቴ ወፍ ጠባቂነት ነበር። ስንዴው ታጥቦ ነጭ አቡጀዲ ላይ ሲሰጣ እኔ ቀጭን ልምጭ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ወፎቹ ያውቁኛል፣ እኔም አውቃቸዋለሁ። ከነሱ ይልቅ የሚያስቸግረው እንቅልፍ ነው። ደመወዙን ለምትጠይቁኝ፣ በበዓል ቀን አንድ ቁራሽ ዳቦና "ጸጋውን ያብዛልሽ" ነበረ። ይበቃል።

በስምንት ዓመቴ ለቀማ ተመደብኩ። ለቀማ ማንም የሚችለው ይመስላል። እማሆይ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርገው ስንዴውን በስተ ግራ ይከምሩልኛል። እኔ ትንሽ ትንሽ እያልኩ በጣቴ ወደ መሐል እስባለሁ፤ ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ ገብሱን፣ የተሰበረውን አውጥቼ የጠራውን ወደ ቀኝ እገፋለሁ። ያየሁትና ያላየሁት መቼም አይቀላቀሉም። ሰው ጠርቶኝ ብነሣ እንኳ መሐሉን ባዶ አድርጌ ነው የምነሣው። ሌላው ደንብ ደግሞ ከስንዴው አንዲት ፍሬ ወደ አፍ አለመሄዷ ነው፤ ከመንበሩ በፊት ማንም አይቀምሰውም። ቆሎ ለሚወድ ልጅ ይህ ቀላል ፈተና እንዳይመስላችሁ።

ስለ እማሆይ ልማድ ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃኝም። ቀናቸው በጸሎት ሰዓት የተከፋፈለ ነው፤ በመሐል ያለው ጊዜ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ተሰፍሯል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሸብ አድርገው ወፍጮው ላይ ከተንበረከኩ ወሬ የለም፤ መጁ ወደ ፊት ሲሄድ "አቤቱ"፣ ሲመለስ "ይቅር በለን" ነው። መጅ የምንለው በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን ድንጋይ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ወሬ ይወዳሉ፤ በተለይ ስለ ድንች። የማን ድንች በውርጭ እንደተመታ ከእሳቸው ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገራቸው ይገርመኝ ነበር። ሁልጊዜ ማታ ወደ ክፍላቸው ከመሄዳቸው በፊት የውኃውን ጀሪካን ከምንጩ ሞልተው ያስቀምጣሉ። ደክሟቸው እንኳ አይተዉትም።

"እማሆይ፣ ነገ ጠዋት ብንቀዳው ምን አለ?" አልኳቸው።

"ነገ ጠዋት እዚህ የምትመጣዋን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?"

"ማን ናት?"

"አሮጊት ናት። ጉልበቷን ያማታል። አዝንላታለሁ።"

ስለ ራሳቸው እያወሩ እንደሆነ የገባኝ ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ መንፈሳዊነት ያዘኝ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ሰው በሚያልፍበት በኩል ቆሜ ረጅም ጸሎት አደርሳለሁ፤ ሥራ ላይም የምደርሰው አርፍጄ ነው። እማሆይ ለጥቂት ቀን ታገሡኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከበሩ ሆነው "ወለተ ሥላሴ" አሉኝ፤ የሚጠሩኝ በክርስትና ስሜ ነው። "ጸሎትሽ ሰማይ ደርሷል። መጥረጊያሽ ግን አሁንም መሬት ላይ ተጋድሟል።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አጠረ፤ መጥረጊያውም ከበሩ ኋላ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ መቆም ጀመረ።

አሁን የማፍርበትን ልጻፍ።

በአሥር ዓመቴ እማሆይ ማድረቁን ለእኔ ለቀቁልኝ። ከሥራው ሁሉ ተንኮለኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱ የእኛ አገር ጉም ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ እያየሃት፣ እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ከቆላው ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣና የተሰጣውን ሁሉ ያረጥበዋል። ስለዚህ ስንዴው መድረቁን በዓይን ማመን የለም። በጥርስ እንዳይፈተን ወደ አፍ አይገባም። የእማሆይ መፈተኛ ጆሮ ነው። አንድ እፍኝ ወስደህ ከክንድህ ከፍታ ወፍጮው ላይ ትለቀዋለህ። የደረቀው ጠር ጠር ብሎ ይነጥራል፤ ያልደረቀው ዱብ ብሎ ይተኛል።

ያን ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር፤ ስልክ ይዛለች፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ አለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመኪና ልትመለስ ነው። ጠዋት አርፍጄ ተነሣሁ። መኝታዬን አላነጠፍኩም። ፊቴን አልታጠብኩም። ከእናቴ ጋር በሹራብ ተጣልተን ሳላናግራት ነው የወጣሁት። እማሆይ ሦስቱን ጠየቁኝ፤ ሦስቱንም "አዎ" አልኩ። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝና "ደግ" ብለው ወደ ለቅሶ ቤት ሄዱ።

ስንዴው ተሰጥቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ትንሽ ገለጥ አለ፤ ስንዴውን በመዳፌ ዳበስኩት፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል። ወፍጮው አጠገቤ ነው፤ አንድ እፍኝ ማንሣት ነበር የሚጠበቅብኝ። አላነሣሁም። ስንዴውን ሰብስቤ ትልቁ ማሰሮ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ባደረቅነው ላይ ገለበጥኩት፤ ክዳኑን ገጥሜ በጨርቅ አሰርኩና ወደ ቪዲዮው ሮጥኩ። ሙሽራዋን ደርሼ አየኋት።

ማክሰኞ ከትምህርት በፊት ቤቱን ልጠርግ ገባሁ። ማሰሮው አጠገብ ስደርስ ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለ ነገር ሸተተኝ። አክስቴ ጠላ ጠማቂ ናት፤ ሽታውን ገና በሕፃንነቴ ነው የማውቀው። ክዳኑን አልከፈትኩም። ጨርቁን ፈትቼ እንደገና አጥብቄ አሰርኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አሁንም በደንብ አልገባኝም። ካላየሁት የሌለ መስሎኝ ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት ልንፈጭ ተቀመጥን። ዓርብ የደብራችን ወርኃዊ በዓል ነው። እታለም የምትባል የሰፈራችን ልጅ፣ መዘዞ ያገባች፣ የበኩር ልጇን በአባቷ ደብር ክርስትና ልታስነሣ መጥታለች፤ ሕፃኗ ዓርብ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። እታለም ሕፃኗን አዝላ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ ልትጠይቅ በራችን ላይ ቆማ ሳለ ነው እማሆይ ማሰሮውን የከፈቱት።

ስንዴው ነጭ ጢም አብቅሏል። እማሆይ እጃቸውን አስገብተው "ሞቋል" አሉ፣ ለራሳቸው።

አባ ተክሌ ተጠርተው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ብቅል ነው፣ አባ" አሉ እማሆይ።

"ብቅልነቱማ ይታየኛል። ስንዴው የት አለ?"

"ስንዴው እሱ ነው።"

እታለም ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። "አባ፣ ሰማንያ ቀን ቆጥሬ፣ አማቶቼን ሁሉ አስከትዬ ነው የመጣሁት። ነገ ቅዳሴ የለም ልትሉኝ ነው?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ማንም ሳይነግራት አውቃለች። "አንቺ ልጅ፣ ለልጄ ክርስትና ብቅል ደገስሽላት?"

አዲስ ስንዴ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በዚያ ጉም አድርቆ ለነገ ማድረስ አይቻልም። አባ ተክሌ ወደ ማዶው ደብር ሰው ልላክ ሲሉ እማሆይ መቋሚያቸውን አነሡ። "እኛ እንሄዳለን" አሉ። ለእኔ ደግሞ "ነጠላሽን አጣፊ። ነገሩን የሚናገረው አፍሽ ነው" አሉኝ።

ወንዙ ድረስ ቁልቁለቱ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የማዶው ደብር ገበዝ ሸንቃጣ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። እማሆይ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ጎን ዞር አሉና እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የምናገረው ሁሉ ጠፍቶኝ "ስንዴውን እርጥቡን ከተትኩት" አልኩ።

"ስንት ቀን ዘጋሽበት?"

"አምስት።"

"ክዳኑ ደህና ገጥሟል?"

"አስሬዋለሁ፣ አባቴ። ሁለቴ።"

"እንግዲያማ ጥሩ ብቅል ወጥቶታል" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። ተነሥተው ገቡና ለበዓሉና ለሚቀጥሉት ሁለት እሑዶች የሚሆን ዱቄት በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው አመጡ። ሲሰጡኝ ግን "እኔ በዕድሜሽ ደወሉን ረስቼ ደብሩን ሁሉ አስተኝቻለሁ" አሉኝ።

ስንመለስ፣ ዳገቱ መሐል እማሆይ ቆሙ።

"ያሳዘነኝ ስንዴው አይደለም፣ ወለተ። ስንዴ ነገም ይዘራል። ማክሰኞ ሸቶሻል አይደል?"

"ሸቶኛል።"

"ማክሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ አዲስ ስንዴ ለማድረቅ ሁለት ቀን ነበረን። ሁለቱን ቀን ብቻሽን ተሸክመሽው ዞርሽ። አልከበደሽም?"

ዱቄቱን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ጉዞ ስንጀምር ድንጋዩ ከዳቸውና ጉልበታቸውን መታቸው። ራሳቸው ተነሡ፤ እጄ ዱቄቱን ስለያዘ እንዲደገፉበት የሰጠኋቸው ትከሻዬን ብቻ ነው። በዚያው ቤት ደረስን።

ዓርብ የእታለም ልጅ ተጠመቀች፣ ቆረበችም። እታለም ከቅዳሴ በኋላ ሕፃኗን አሳቀፈችኝ። እማሆይ በዚያ ቅዳሴ ላይ አልነበሩም። ጉልበታቸው አብጦ መደብ ላይ ዋሉ፤ እስከ ቀጣዩ ወር በዓልም ድረስ አልተነሡም። በሕይወቴ የማውቃቸው ሲሠሩ ብቻ ነበርና ተኝተው ሳያቸው ሌላ ሰው መሰሉኝ።

ብቅሉ ለደብሩ ማኅበር ጠላ ሆነ። ጠላው ግሩም ነበር አሉ። "የማን ብቅል ነው?" የሚለው ጥያቄ ከጎረቤላ ገበያ እስከ ትምህርት ቤት ደርሶ እኔ "ብቅሌ" ተባልኩ። አሁንም ድረስ "ብቅሌ፣ ደህና ነሽ?" የሚሉኝ አሉ። ደህና ነኝ።

የተቀበልነው ዱቄት ከማለቁ በፊት አዲስ መገበሪያ መዘጋጀት ነበረበት፤ ያለነው ደግሞ እኔና ከእኔ የምታንስ አንዲት ለቃሚ ብቻ ነን። የእማሆይ ክፍል ከመገበሪያው ቤት ጋር በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው የሚለያየው። ጠዋት ገና ስገባ ከግድግዳው ማዶ "ፊትሽን ታጥበሻል?" የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ውሸት አልመለስኩም። አንድ ጠዋት "መኝታዬን አላነጠፍኩም" ብዬ አምኜ ቤት ተመልሼ አንጥፌ መጥቻለሁ፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ነው። እናቴ ስመለስ አይታ "ምን ረስተሽ ነው?" ብትለኝ "አልጋዬን" አልኳት።

ስንዴውን ለቅመን፣ አጥበን አሰጣን። ጉሙ መጣ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን አባ ተክሌ መጥተው በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ደርቋልኮ፣ ልጄ። እሑድ ደረሰ። ክተቺውና ፍጪው።"

አንድ እፍኝ አንሥቼ ወፍጮው ላይ ለቀቅኩት።

"ዱብ ይላል፣ አባ።"

"የት ዱብ አለ? እኔ ምንም አልሰማሁ።"

እንደገና ለቀቅኩት። "ይኸው፣ ዱብ።"

"ልጄ፣ እኔ ገበዝ ነኝ። ዳግመኛ ማዶ ሄጄ ዱቄት ስጡኝ ብል ምን ይሉኛል?"

ቄሰ ገበዝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን አልከተትኩም። ያኔ ከግድግዳው ማዶ፣ ከመደቡ ላይ፣ ድምፅ መጣ።

"ዱብ ካለች ዱብ ነው፣ አባ። ይተዉአት።"

አባ ተክሌ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። "በሁለት ሴት ተከብቤ ምን ልሁን" ብለው ሄዱ። በማግስቱ ዓርብ ፀሐይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየች። ስንዴው ጠር ጠር አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መጁን ብቻዬን ገፋሁ። ወደ ፊት ሲሄድ "አቤቱ"፣ ሲመለስ "ይቅር በለን"። ዱቄቱን በወንፊት ነፍቼ በጨርቅ ቋጠርኩና ለእማሆይ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አሻሹት። አላመሰገኑኝም። መደባቸው ላይ ትንሽ ጠጋ አሉና "ነይ ተቀመጪ፣ የማን ድንች ነው ዘንድሮ ያማረው?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ደስ የሚሉ ዓመታት ስለነበሩ የሚጻፍ ብዙ የላቸውም። ይህን ብቻ ልበል፦ ሥርዓት የሚባለውን ነገር ድሮ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ተነሥቼ አልጋዬን ሳነጥፍ፣ ደብተሬን በየቦታው ሳስቀምጥ፣ የነገውን ውኃ ዛሬ ስቀዳ፣ ማታ የማደርሰውን ጸሎት ከወዲሁ የጀመርኩት ይመስለኛል። እግዚአብሔር እሑድን ብቻ አይደለም የሰጠን፤ ሰኞ ጠዋትንም፣ ከነመጥረጊያው ሰጥቶናል። ይህን የተማርኩት ከስብከት አይደለም። ጀሪካን ሞልተው ከሚሄዱ አንዲት አሮጊት ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እማሆይ አንድ ጠዋት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "አደግሽ" አሉኝ። በቃ፣ የጡረታ ደብዳቤዬ ይኸው ነበር። የስንብት ወረቀት፣ ማኅተም የሚባል የለም።

ዘንድሮ ደግሞ ጠሩኝ። "አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። እኔ ዓይኔ ሳይጠፋ፣ ለሚመጡት ልጆች ደንቡን ጻፊልኝ" አሉ። ለሁለት ሳምንት ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ ሲናገሩ ጻፍኩ። ስጨርስ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"ይህን ማን አለው?"

"እርስዎ ነዎት ያሉት፣ እማሆይ።"

"እኔ እንዲህ አሳምሬ አልተናገርኩም።" ወረቀቱን በጣታቸው ዳበሱት። "ግን ተይው። ደህና ነው።"

ያንን ወረቀት የአማርኛ አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ ለተማሪው ሁሉ አነበቡት። መጻፍ እችላለሁ ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው። አስተማሪ ሁኚ የተባልኩትም በዚያው ወረቀት ሰበብ ይመስለኛል።

እንግዲህ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዬ ግን አንዲት ናት። ስለዚህ ጎረቤላና አካባቢዋ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ካለቻችሁ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ከወይራው ሥር አድርሱልን። ጥፍሯን ቁረጡላት፤ የቀረውን እኛ እናውቃለን። ጎበዝ መሆን አይጠበቅባትም። ዝም ማለት ባትችልም ችግር የለም። ብታጠፋ አናባርራትም፤ ያጠፋችውን በዚያው ቀን እንድትነግረን ብቻ እንለምናታለን። እንዴት እንደሚነገር አስተምራታለሁ፤ እሱን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ልጅ የሌላችሁ፣ ወይም በደብረ ብርሃን፣ በለሚ፣ በመዘዞ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም ቅር አይበላችሁ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቶሎ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። የዛሬውን ዱቄት የፈጨው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። በደብራችሁ ግቢ ጥግ አንዲት ትንሽ ቤት አታጡም። ምናልባት ውስጧ ያሉት አንዲት አሮጊት ብቻ ይሆናሉ፤ ምናልባትም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። በሩን አንኳኩና "ምን እንርዳዎት?" በሏቸው።